ሙሳ ሒላልና ሄሜቲ፦ የጃንጃዊድ አለቆች ታማኝነትና ሽኩቻ

ስለ ሱዳን ጦርነት ሲወራ ሁለት ስሞች ብቻ ይነሳሉ፤ አብዱልፈታሕ አል-ቡርሃንና ሄሜቲ። ነገሩን ከእነሱ ፀብ የሚጀምር ሰው ግን ከታሪኩ ግማሹን ዘሎ ነው የሚጀምረው። ሄሜቲ ከቡርሃን ጋር ጦር ከመማዘዙ ከዓመታት በፊት ከገዛ ጎሳው ሰው ጋር ተጋጭቶ አሸንፏል። ያ ሰው ሙሳ ሒላል ይባላል። በአንድ ወቅት «ጃንጃዊድ» ሲባል መጀመሪያ ወደ ሰው አእምሮ የሚመጣው የእሱ ስም ነበር።

ይህ ጽሑፍ መንግሥት ስላስታጠቃቸው፣ ለመንግሥት ታማኝ ተብለው ደመወዝ ስለተቆረጠላቸው፣ እርስ በርስ ግን ተማምነው ስለማያውቁ የሚሊሺያ አለቆች ነው። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መሬት ያላቸውና የሌላቸው

ዳርፉር የሚለው ስም «የፉሮች አገር» ማለት ነው። ፉር፣ ማሳሊት፣ ዘጋዋና ልዩ ልዩ የዐረብ ጎሳዎች የሚኖሩበት ሲሆን ሕዝቡ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሙስሊም ነው። ስለዚህ በዳርፉር የፈሰሰውን ደም በሃይማኖት ልዩነት ለማስረዳት የሚሞክር ሰው ገና ከመነሻው ይሳሳታል። ገዳይም ተገዳይም ወደ አንድ ቂብላ የሚሰግዱ ናቸው።

የልዩነቱ አንድ ሥር መሬት ነው። በሱልጣኖቹ ዘመን ሱልጣኑ ለጎሳ መሪዎችና ለታላላቅ ሰዎች «ሐኩራ» የሚባል የመሬት ይዞታ ይሰጥ ነበር። ሐኩራ ያገኘ ጎሳ ዛሬም ድረስ «ዳሩ» የታወቀ ነው። ያላገኘው ደግሞ ሲዞር ይኖራል። ሪዘይጋት የሚባሉት ዐረቦች በዚህ ለሁለት ይከፈላሉ። በደቡብ ያሉት ከብት አርቢዎቹ በአድ-ዳዒን ዙሪያ የራሳቸው ሰፊ አገርና ናዚር አላቸው። በሰሜን ያሉት ግመል አርቢዎች፣ በዐረብኛ «አባላ» የሚባሉት፣ የራሴ የሚሉት ዳር የላቸውም። መሐሚድና ማሕሪያ ከእነዚህ ከሰሜኖቹ ዋና ዋና ቅርንጫፎች መካከል ናቸው። የጎሳ ስሞቹ መብዛታቸው ያደናግራል፤ አንባቢ ሁለቱን ብቻ ቢይዝ ይበቃዋል፦ ሒላል መሐሚድ ነው፣ ሄሜቲ ማሕሪያ ነው።

የሙሳ አባት ሸይኽ ሒላል በዘላኖቹ ዘንድ የተከበሩ ሽማግሌ ነበሩ። እንግሊዛዊው የሱዳን ተመራማሪ አሌክስ ደ ዋል በ1985፣ በዚያ ክፉ የድርቅ ዘመን፣ በሰሜን ዳርፉር አግኝቷቸዋል። በረሃው ወደ ደቡብ እየገፋ፣ የግጦሹ መንገድ እየተዘጋ፣ ግመሉ እያለቀ ነበር። ገበሬዎቹ እህላቸውን ለማዳን ማሳቸውን አጠሩ፤ ዘላኖቹም ወዴት እንደሚሄዱ ጠፋቸው። በዚያው ዓመታት የቻድ ጦርነትና የሊቢያ እጅ ዳርፉርን በክላሽንኮቭ ሞላት። ቀድሞ በሽማግሌና በደም ካሳ (ዲያ) የሚያልቅ ፀብ ከዚያ በኋላ በዲያ የማይከፈል ሆነ።

ከእስር ቤት ወደ አለቅነት

በሚያዝያ 2003 የዳርፉር አማፂያን የአል-ፋሺርን አየር ማረፊያ አጥቅተው አውሮፕላኖችን አቃጠሉ። ካርቱም ደነገጠች። መደበኛውን ጦር ለመላክ ደግሞ ሌላ ችግር ነበር፤ ብዙው ወታደር የዳርፉር ልጅ ስለነበር በወንድሙ ላይ ይተኩሳል ብሎ ማመን አልተቻለም። የኦማር አል-በሺር መንግሥት የመረጠው መንገድ ርካሹን ነው፤ መሬት የሌላቸውን ዘላኖች ማስታጠቅ።

ሙሳ ሒላል በዚያ ጊዜ በእስር ላይ ነበር። የሰሜን ዳርፉር አስተዳዳሪ የነበሩት ጄኔራል ኢብራሂም ሱለይማን አውራጃውን ያውካል ብለው ከአገሩ አርቀው አሳስረውታል። በ2003 ተፈትቶ ወደ ቀዬው ተመለሰና ተዋጊ መለመለ። አንድን ሰው ከእስር አውጥቶ የጦር አለቃ ማድረግ ለአንድ መንግሥት የሚያስገኘው ጥቅም ግልጽ ነው፤ ሰውየው ነፃነቱ ራሱ የተውሶ ነው። ግን የተውሶ ነገር ለሁለቱም ወገን የተውሶ ነው። ሒላል በ2004 ለሂዩማን ራይትስ ዎች በሰጠው የቪዲዮ ቃለ ምልልስ ዘመቻውን ይመሩ የነበሩት የጦሩ አዛዦች መሆናቸውን፣ እሱ ሰው በማሰባሰብ ብቻ እንደተሳተፈ ተናገረ። በሌላ አነጋገር፣ ጦርነቱ ገና ሳያልቅ ጥፋቱን ወደ ጌቶቹ መግፋት ጀምሯል።

በምዕራብ ዳርፉር በዋዲ ሳሊሕ አካባቢ ደግሞ ዓሊ ሙሐመድ ዓሊ ዐብዱራሕማን የሚባል፣ «ዓሊ ኩሸይብ» በሚለው ስም የታወቀ ሌላ አለቃ ነበር። ጎሳው ሌላ፣ የሥልጣን መስመሩም ሌላ ነው። ጃንጃዊድን እንደ አንድ ሠራዊት ማሰብ ስህተት የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። አንድ የበላይ አዛዥ አልነበራቸውም፤ እያንዳንዱ አለቃ ለየብቻው ከካርቱም ጋር የተሳሰረ ነበር። ካርቱምም እንዲያ ሆነው እንዲቀሩ ትፈልግ ነበር።

ሁሉም ዐረብ ደግሞ አልዘመተም። የደቡብ ሪዘይጋት ናዚር ሰዒድ ማዲቦ በ2003 እና በ2004 ሕዝባቸውን ከዘመቻው ውጭ ለማቆየት ሞክረዋል። እሳቸው ዳር ነበራቸው፤ በሌላው ጎሳ መሬት ላይ ተስፋ ማድረግ አላስፈለጋቸውም። ይህን ያህል ቀላል ምክንያት ብዙ የፖለቲካ ትንታኔ ከሚያስረዳው በላይ ያስረዳል።

የዚያ ዘመቻ ውጤት ይታወቃል። የተባበሩት መንግሥታት ግምት እስከ 300,000 የሚደርስ ሰው በጥይት፣ በረሃብና በበሽታ መሞቱን፣ ከ2 ሚሊዮን በላይ መፈናቀሉን ይናገራል። የጸጥታው ምክር ቤት በሚያዝያ 2006 ሙሳ ሒላል ላይ ማዕቀብ ጣለ። በሺር ደግሞ በ2008 መጀመሪያ በፌዴራል ጉዳዮች ሚኒስቴር አማካሪ አድርጎ ሾመው።

የሄሜቲ መንገድ

ሙሐመድ ሐምዳን ዳጋሎ የሸይኽ ልጅ አይደለም። ትምህርቱን በልጅነቱ አቋርጦ በግመል ንግድ ያደገ ነው። ቤተሰቡ በአጎቱ በጁምዓ ዳጋሎ መሪነት ወደ ደቡብ ዳርፉር ወርዶ የሰፈረ የማሕሪያ ወገን ነው። «ሄሜቲ» ሙሐመድ የሚለው ስም የቤት መጠሪያ ነው፤ በሺር ግን በኋላ ቃሉን ጠምዝዞ «ሒማየቲ»፣ ማለትም «ጠባቂዬ» ይለው ነበር።

ከሒላል የሚለየው የተወለደበት ቤት ብቻ አይደለም። ሒላል ሰውን የሚሰበስበው በአባቱ ስም ነው፤ ሄሜቲ ግን በሚከፍለው ገንዘብ። ይህንንም ቀድሞ ያሳየው በ2007 መጨረሻ ላይ ነው። ለተዋጊዎቹ ደመወዝ አልተከፈለም፣ ቃል የተገባው አልተፈጸመም ብሎ አምፆ ጫካ ገባ፤ ከአማፂያኑም ጋር ተነጋገረ። መንግሥት በመጀመሪያ አስፈራራው፣ ኋላ ግን ተደራደረው። ከጥቂት ወራት በኋላ ገንዘብ፣ ማዕረግና ሹመት አግኝቶ ተመለሰ። ሌሎቹ አለቆች ይህን ሁሉ ቁጭ ብለው አይተዋል። ታማኝነት ዋጋ እንዳለው፣ ዋጋውም የሚጨምረው አንድ ጊዜ ሲከዱ መሆኑን ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ አልነበረም።

ኢብኑ ኸልዱን በ«ሙቀዲማ» ውስጥ ስለ ዐሰቢያ የጻፈውን እዚህ ማንሳት ተገቢ ነው። ዐሰቢያን በአማርኛ «ዘረኝነት» ብለው የሚተረጉሙ አሉ፤ ትርጉሙ ግን ግማሹን ብቻ ነው የሚይዘው። በእሱ አገላለጽ ዐሰቢያ ሰዎችን አንድ ላይ አቁሞ የሚያዋጋ ትስስር ነው። ዋናው ምንጩ የሥጋ ዝምድና ቢሆንም በወላእና በሒልፍ፣ ማለትም በጥገኝነትና በቃል ኪዳንም ይፈጠራል። ሥልጣን የያዘ ገዥ ደግሞ ውሎ አድሮ አብረውት የወጡትን የገዛ ወገኖቹን ይፈራል፤ ስለዚህ እነሱን ገፍቶ ከውጭ ባመጣቸው ጥገኞች ይከበባል። በሺርን የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያነብ ስለ 14ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈ አይመስለውም። ጦሩን የፈራው በሺር በ2013 ፈጥኖ ደራሽ ኃይልን በደኅንነት መሥሪያ ቤቱ ሥር ሲያቋቁም ለአዛዥነት የመረጠው የሸይኹን ልጅ ሳይሆን የግመል ነጋዴውን ነው። ሒላል የራሱ ሕዝብ አለው፤ ሄሜቲ ግን ያለው መንግሥት የሰጠው ብቻ ነው ብሎ አስቦ ይሆናል። ያ ስሌት በስድስት ዓመት ውስጥ ከሸፈ።

የጀበል ዓሚር ወርቅ

በ2012 በሰሜን ዳርፉር በጀበል ዓሚር ወርቅ ተገኘ። ቦታው የበኒ ሑሰይን ጎሳ ነው፤ እነሱም ዐረቦች ናቸው። በጥር 2013 የሰሜን ሪዘይጋት ታጣቂዎች ከእነሱ ጋር ተዋግተው ብዙ ሕዝብ አለቀ፤ 100,000 ያህል ሰው ተፈናቀለ። ዐረብ ከዐረብ፣ ለመንግሥት ታማኝ የተባለው ከሌላው ታማኝ ጋር ማለት ነው።

ሒላል በዚያው ዓመት ከካርቱም ጋር ተቀያይሞ ወደ መንደሩ ወደ ሙስተሪሓ ተመልሷል። ከሰሜን ዳርፉር አስተዳዳሪ ከዑስማን ኪቢር ጋር ከባድ ፀብ ነበረው። በ2014 የራሱን «አብዮታዊ የንቃት ምክር ቤት» አቋቁሞ በከብካቢያና በአካባቢው ከተሞች ራሱን እንደ መንግሥት አደረገ። የተባበሩት መንግሥታት የባለሙያዎች ቡድን ወገኖቹ ከጀበል ዓሚር በዓመት ወደ 54 ሚሊዮን ዶላር እንደሚያገኙ ገምቶ ነበር። ይህ ገንዘብ ሒላልን ከደመወዝ ጥገኝነት አላቀቀው፤ በካርቱም ዓይን ደግሞ አደገኛ አደረገው።

የጋብቻው ነገርም አለ። በ2012 ሒላል ልጁን ለቻዱ ፕሬዝዳንት ለኢድሪስ ዴቢ ዳረ። ዴቢ ዘጋዋ ነው፤ በዳርፉር ጦርነት ጃንጃዊዶች ከተዋጓቸው ጎሳዎች አንዱ ማለት ነው። ሄሜቲም በበኩሉ በቻድ ጦር ውስጥ ትልቅ ጄኔራል የሆነ ዘመድ አለው፤ ቢሻራ ዒሳ ጃደላህ የአገሪቱ መከላከያ ሚኒስትር እስከመሆን ደርሷል። «ዐረብና አፍሪካዊ» በሚል ብቻ የተሰመረ መስመር የእነዚህን ሰዎች ወዳጅነትና ጠላትነት አያስረዳም።

ሙስተሪሓ፣ ኅዳር 2017

በጥር 2017 የሱዳን ፓርላማ ፈጥኖ ደራሽ ኃይልን በአዋጅ ሕጋዊ አደረገ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ምክትል ፕሬዝዳንቱ ሐሰቦ ዐብዱራሕማን የሒላል ሰዎች ያሉበት የድንበር ጠባቂ ኃይል በፈጥኖ ደራሽ ሥር እንዲጠቃለል አስታወቁ። ለሒላል ይህ ማለት ከእሱ በኋላ ለተነሳ፣ ከሸይኽ ቤት ላልወጣ ሰው መታዘዝ ነው። እምቢ አለ።

በኅዳር መጨረሻ የሄሜቲ ጦር ሙስተሪሓ ገባ። ውጊያ ተደረገ፣ ከፈጥኖ ደራሽ በኩልም መኮንኖች ሞቱ። ሒላልና ልጆቹ ተይዘው ወደ ካርቱም ተወሰዱ፤ ጉዳያቸውም በዝግ ወታደራዊ ፍርድ ቤት ታየ። ጀበል ዓሚር በሄሜቲ እጅ ገባ። የቤተሰቡ ኩባንያ አል-ጁነይድ በሱዳን የወርቅ ንግድ ትልቅ ስም ያገኘው ከዚህ ጋር ተያይዞ ነው። ከ2015 ጀምሮ ወደ የመን ጦርነት በሚላኩ ተዋጊዎች የሚገኘው ገንዘብም ታከለበት። ከዚህ በኋላ ሄሜቲ ከመንግሥት ደመወዝ የሚጠብቅ ሰው አልነበረም።

ለመሐሚድ ወጣቶች ግን ሽንፈቱ የተደባለቀ ነበር። ሸይኻቸው ታስሯል፤ ደመወዝ የሚከፍለው ደግሞ አሳሪው ነው። ብዙዎቹ ፈጥኖ ደራሽን ተቀላቀሉ። ቂም ይዞ መቆየት ለሸይኽ ቤተሰብ ይሆናል፤ እናቱን ለሚያበላ የ20 ዓመት ልጅ ግን አይሆንም።

የጠባቂው ክህደት

በሚያዝያ 2019 ሕዝቡ በካርቱም የጦሩን ዋና መምሪያ ከቦ ሲቀመጥ በሺር በሄሜቲ ተማመነ። ሄሜቲ ግን ከጄኔራሎቹ ጋር ወግኖ በሺር ሚያዝያ 11 ወረደ። ሄሜቲ በቡርሃን ለሚመራው ወታደራዊ ምክር ቤት ምክትል ሆነ። ሰኔ 3 ቀን፣ በረመዳን 29፣ ለዒድ አንድ ቀን ሲቀር፣ ተቃዋሚዎቹ የተቀመጡበት ሥፍራ በኃይል ተበተነ። የሐኪሞች ማኅበር ከ100 በላይ ሰው መገደሉን አስታወቀ፤ ከአደጋው የተረፉ ሰዎች በዋናነት ጣታቸውን የጠቆሙት በፈጥኖ ደራሽ ላይ ነው።

ቡርሃንና ሄሜቲ በጥቅምት 2021 አብረው የሲቪሉን መንግሥት ገለበጡ። የተጣሉት ፈጥኖ ደራሽ በጦሩ ውስጥ በምን ያህል ጊዜ ይዋሃድ በሚለው ነው። ጦሩ ሁለት ዓመት አለ፣ ሄሜቲ አሥር ዓመት። ሒላል በ2017 የተጠየቀውን ጥያቄ ሄሜቲ በ2023 ተጠየቀ፤ መልሱም ያው ሆነ። ሚያዝያ 15 ቀን 2023፣ በረመዳን 24 ማለዳ፣ ካርቱም ላይ ተኩስ ተከፈተ።

የሁለቱ ጄኔራሎች ጦርነት በዳርፉር ወዲያው የጎሳ ጦርነት ሆነ። በአል-ጀኒና ብቻ በ2023 ከ10,000 እስከ 15,000 ሰው መገደሉን የተባበሩት መንግሥታት ባለሙያዎች ገምተዋል፤ አብዛኛው ማሳሊት ነው። በጥቅምት 2025 መጨረሻ አል-ፋሺር ከረጅም ከበባ በኋላ በፈጥኖ ደራሽ እጅ ወደቀች። ከዚያ ከአንድ ወር በፊት በከተማዋ በአንድ መስጂድ ውስጥ ለፈጅር ሰላት የቆሙ ከ70 በላይ ሰዎች በድሮን ጥቃት ተገድለዋል።

ወገን መቀያየር

ሒላል በመጋቢት 2021 በምሕረት ተፈትቶ ነበር። ጦርነቱ ሲጀመር አንድ ዓመት ያህል በይፋ ወገን ሳይለይ ቆይቶ በሚያዝያ 2024 ከጦሩ ጎን መቆሙን ተናገረ። በ2003 መንግሥት ያስታጠቀው፣ በ2014 በመንግሥት ላይ የቆመው፣ በ2017 መንግሥት ያሰረው ሰው በድጋሚ «ታማኝ» ሆነ። ከመሐሚድ ልጆች ብዙዎቹ ግን አሁንም በሌላኛው ወገን ይዋጋሉ። የሸይኹ ቃል የራሱን ጎሳ እንኳ አንድ ላይ አላመጣም። በደቡብ ዳርፉርም በ2003 ዳር ቆመው ከነበሩት ማኅበረሰቦች አንዳንድ መሪዎች በሐምሌ 2023 ከፈጥኖ ደራሽ ጋር መሆናቸውን አውጀዋል።

ከዳርፉር ውጭም ያው ሥርዓት ይታያል። አቡ ዓቅላ ኬይከል «የሱዳን ጋሻ» የሚባል ኃይል መሪ ነው። በነሐሴ 2023 ሄሜቲን ተቀላቀለ፤ በታኅሣሥ ወድ መደኒ ስትያዝ በአል-ጀዚራ ግዛት ላይ ተሾመ። በጥቅምት 2024 ደግሞ ከነሰዎቹ ወደ ጦሩ ዞረ። ፈጥኖ ደራሽ ብድሩን የመለሰው በኬይከል ላይ ሳይሆን በምሥራቅ አል-ጀዚራ መንደሮች ላይ ነው፤ አስ-ሱረይሓ በምትባል አንዲት መንደር ብቻ ቢያንስ 124 ሰው ተገድሏል። ጦሩ በጥር 2025 ወድ መደኒን ሲያስመልስ ደግሞ የኬይከል ሰዎች ካምቦ ጠይባ በምትባል መንደር ነዋሪዎችን መግደላቸውን ሂዩማን ራይትስ ዎች መዝግቧል። አለቃው ወገን ሲቀይር ማዕረጉ አብሮት ይሄዳል፤ ዕዳው ግን ለመንደሩ ይቀራል።

ይህ ለእኛም የሩቅ ወሬ አይደለም። በመተማና በኩርሙክ በኩል ከሱዳን ሸሽተው የገቡት ሰዎች፣ ከእነሱም መካከል በካርቱም ለዓመታት የኖሩ ኢትዮጵያውያን፣ የዚህን ሽኩቻ ዋጋ ይዘው ነው የመጡት። ሄሜቲ ራሱ በታኅሣሥ 2023 በምሥራቅ አፍሪካ ሲዞር አዲስ አበባ ገብቶ ከጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ጋር ተገናኝቷል።

ሄግ የደረሰው ማን ነው?

ዓሊ ኩሸይብም የታማኝነትን ትርፍ አይቶታል። በሐምሌ 2013 በኒያላ ከተማ ሊገድሉት የፈለጉ ሰዎች ተኩሰው አቁስለውት ነበር። በሺር ከወደቀ በኋላ አዲሱ መንግሥት ከዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት ጋር እንደሚተባበር ሲያስታውቅ ወደ መካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ሸሸ፤ በሰኔ 2020 እጁን ሰጠ። በችሎቱ ላይ ኩሸይብ የሚባለው ሰው እኔ አይደለሁም ብሎ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ በጥቅምት 2025 በ27 ክሶች ጥፋተኛ አለው፤ በታኅሣሥም 20 ዓመት እስራት ፈረደበት።

በ2007 ከእሱ ጋር በአንድ ቀን የእስር ማዘዣ የወጣበት አሕመድ ሃሩን ነው፤ በዘመቻው ጊዜ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ዴኤታ ነበር። ሃሩን ጦርነቱ በተጀመረ በአሥር ቀን ውስጥ በካርቱም ከኮበር እስር ቤት ወጥቷል።